ምዕራፍ ስድስት፦ ከ240 ወደ 100

ከ1971 በፊት ለንደን ውስጥ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ሰባት ያርድ ለክቶ ሲቆርጥ፣ የአንዱ ያርድ ዋጋ 4 ሽልንግ ከ9 ፔኒ ከሆነ ሒሳቡን የሚሠራው እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ፔኒውን ያባዛል፤ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ 63። አሥራ ሁለት ፔኒ አንድ ሽልንግ ስለሚሆን 63ቱን ለ12 ያካፍላል፤ 5 ሽልንግ ይወጣና 3 ፔኒ ይተርፋል። ከዚያ ሽልንጉን ያባዛል፤ ሰባት ጊዜ አራት 28፤ ቅድም የያዘውን 5 ሲጨምርበት 33። ሃያ ሽልንግ አንድ ፓውንድ ነውና 33ቱን ለ20 ያካፍላል። ሒሳቡ 1 ፓውንድ ከ13 ሽልንግ ከ3 ፔኒ ሆነ። ይህን ሁሉ የሚሠራው ወረፋ በያዙ ደንበኞች ፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መልስ መስጠት አለበት።

የእንግሊዝ ልጆች ይህን ስሌት ለመልመድ ብዙ የትምህርት ጊዜ ይፈጁ ነበር። የቢሮ መደመሪያ መኪናዎችም ለዚህ ገንዘብ ተብለው ለብቻ መሠራት ነበረባቸው፤ አንዱ ዓምድ 12 ሲሞላ፣ ቀጣዩ 20 ሲሞላ፣ ሌላው 10 ሲሞላ ወደሚቀጥለው የሚያሻግር መኪና ለሌላው ዓለም አይሸጥም። እንግሊዞች ግን ይህን ገንዘብ ይዘው ከሺህ ዓመት በላይ ኖረዋል። ለመለወጥ በይፋ ከተጠየቁበት ቀን አንሥቶ እስኪለውጡ ድረስ ብቻ 147 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ረጅም ማመንታት ነው። (ዓመታቱ፣ “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ240 መነሻ ወደ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ወደ ንጉሥ ሻርለማኝ ይወስደናል። በእሱ ሥርዓት አንድ ፓውንድ የሚመዝን ብር ተቀልጦ 240 ጥቃቅን የብር ሳንቲሞች ይመቱበት ነበር። አሥራ ሁለቱ አንድ ሽልንግ፣ ሃያው ሽልንግ አንድ ፓውንድ ተባለ። ሥርዓቱ በምዕራብ አውሮፓ ሁሉ ተስፋፋ፤ ሌሎቹ ቀስ በቀስ ሲተዉት እንግሊዝ ይዛው ቀረች።

የያዘችውም በሞኝነት አይደለም። 240 ሳይቆራረጥ በሃያ ቁጥሮች ይካፈላል፤ 100 የሚካፈለው በዘጠኝ ብቻ ነው። ከነዚያ ዘጠኝ ውስጥ ደግሞ ሦስት የለም። እኛ አገር እርሻ የተከራየ ገበሬ ምርቱን እኩል፣ ሲሶ ወይም እርቦ እያለ ሲካፈል ኖሯል። እኩሉና እርቦው በመቶ ሳንቲም ይሆናል፤ 50 እና 25። ሲሶው ግን ሠላሳ ሦስት ከምናምን ሆኖ አንድ ሳንቲም ባለቤት አጥታ ትቀራለች። በእንግሊዙ ፓውንድ ሲሶ ልክ 80 ፔኒ ነው፤ 6 ሽልንግ ከ8 ፔኒ። የሕግ ጠበቆች ክፍያ ለረጅም ዘመን በዚሁ ልክ ሲቆረጥ የኖረውም የፓውንድ ሲሶ ስለሆነ ነው።

ሰው በአሥር ይቆጥራል፣ በግማሽና በሲሶ ያካፍላል። ይህን ልብ ያላለ ስለ ገንዘብ ለውጥ የሚነሣው ክርክር ለምን እንደሚመር አይገባውም። ከብት ሲቆጠር፣ ግብር ሲሰበሰብ፣ መዝገብ ሲደመር አሥር አቻ የለውም። ገበያ መሐል ቆሞ “ግማሹን ስጠኝ፣ የግማሹን ግማሽ ጨምርልኝ” ለሚል ሰው ግን 16 ከ10 ይቀርበዋል፤ 8፣ 4፣ 2፣ 1 እያለ እስከ መጨረሻው ሳይቆረስ ይወርዳልና። ስለዚህ አንድ መንግሥት ገንዘቤን በአሥርዮሽ ላድርግ ብሎ ሲያስብ፣ በሒሳብ ሹሙና በቸርቻሪው መሐል እየዳኘ ነው። በሀብታሙና በድሃው መሐልም እየዳኘ ነው፤ ይህኛው ቶሎ አይታይም፤ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

ቀድመው የለወጡት በትልቅ ለውጥ ውስጥ የነበሩ መንግሥታት ናቸው። ታላቁ ጴጥሮስ በ1704 የሩሲያን ሩብል በ100 ኮፔክ ከፈለው። ከነጻነት ጦርነት የወጣችው አሜሪካ በ1792 ዶላርን በ100 ሳንቲም አወጀች። አብዮተኛዋ ፈረንሳይ በ1795 ሜትርና ኪሎግራምን ያመጣውን ሐሳብ ወደ ፍራንክ አሻገረችው። ሦስቱም አሮጌውን ሥርዓት እያፈረሱ ስለነበር ሕዝቡ ይቀየማል ብለው ብዙ አልተጨነቁም። ሆኖም ልማድ የሕግን ያህል ቶሎ አይሄድም። አሜሪካኖች ከዶላራቸው በፊት በስምንት የሚከፈለውን የስፔን ብር ይጠቀሙ ነበር፤ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያም ዋጋን በስምንተኛና በአሥራ ስድስተኛ ዶላር መጥራቱን የተወው በ2001 ነው። የአሥርዮሽ ሕጉ ከወጣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። በ1824 ሰር ጆን ሮትስሊ የተባሉ የፓርላማ አባል ፓውንዱ በአሥርዮሽ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሰሚ አላገኙም። በ1847 ጆን ቦውሪንግ ጉዳዩን መልሰው አነሡት፤ ፓርላማው እንደ ሙከራ አንድ ሳንቲም ፈቀደላቸው። ሁለት ሽልንግ የምታወጣው ፍሎሪን በ1849 ወጣች፤ በላይዋም “የፓውንድ አሥረኛ” የሚል ተጻፈባት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፓርላማ ኮሚቴ ለውጡን ደገፈ፤ በ1854 ለዚሁ የሚከራከር ማኅበር ተቋቋመ፤ አውግስጦስ ደ ሞርጋንን የመሰለ ታላቅ የሒሳብ ሊቅም ቆመለት። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር።

ለውጡን ያስቆመችው ፔኒ ናት።

በዚያ ዘመን የቀረበው ዕቅድ ፓውንዱን እንዳለ ይዞ በ1,000 ሚል ይከፍለዋል። ለባንክና ለትልቅ ነጋዴ ይህ ድንቅ ነው። የያዘው ፓውንድ አይነካም፤ ፍሎሪን 100 ሚል፣ ሽልንግ 50 ሚል ትሆናለች። የድሮው ፓውንድ 960 ፋርዲንግ ነበረው፤ ፋርዲንግ የፔኒ ሩብ የነበረች ትንሿ ሳንቲም ናት። 960ው 1,000 ሲሆን ልዩነቱ ከመቶ አራት ብቻ ነው፤ ለሊቃውንቱ ኢምንት። ለድሃው ግን ኢምንት አልነበረም። አንድ ፔኒ 4 ሚል ከሲሶ ባነሰ ቁራጭ፣ በትክክል 4 ሚል ከአንድ ስድስተኛ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሳንቲም የለም። ታዲያ አንድ ፔኒ የነበረው ዳቦ፣ አንድ ፔኒ የነበረው የድልድይ ቀረጥ፣ ከ1840 ጀምሮ በመላ አገሪቱ አንድ ፔኒ የሆነው የደብዳቤ ቴምብር ስንት ሚል ይባል? አራት ከተባለ ሻጩና መንግሥት ከመቶ አራት ይከስራሉ። አምስት ከተባለ ገዢው ከመቶ ሃያ ይጨምራል። ሁሉን ነገር በፔኒ እየቆጠረ የሚገዛ ሰው የሚኖረው በዚያች ስንጥቅ ውስጥ ነው። በፓውንድ የሚገዛው አያያትም።

ጉዳዩን እንዲያጣራ የተሰየመው ንጉሣዊ ኮሚሽን በ1859 ለውጡን ሳይደግፍ ቀረ። ከኮሚሽኑ አባላት ዋነኛው ተቃዋሚ ሎርድ ኦቨርስቶን የተባሉ ባለ ባንክ ነበሩ። በተለይ የ12 ቁጥርን አከፋፈል በብርቱ ተከራከሩለት። ጊዜው ያለፈበት ሰው ብሎ እሳቸውን ማለፍ ይቀናል፤ እኔ ግን ጥያቄአቸው ትክክል ነበር እላለሁ። ትንሿ ሳንቲም ወዴት ትሄዳለች ብለው ጠይቀዋል፤ የለውጡ ደጋፊዎችም አጥጋቢ መልስ አልሰጡም። የዘመኑ ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ በ“ዘ ዩስታስ ዳይመንድስ” ልቦለዱ አንድ ሚኒስትር ፔኒን ባለ አምስት ፋርዲንግ ለማድረግ ሲደክም ማሳየቱ፣ ነገሩ የቱን ያህል የመኳንንት ቤት መነጋገሪያ እንደነበረ ያስረዳል። በ1918 ሌላ ኮሚሽን ተሰየመ፤ በ1920 እሱም አይሆንም አለ። ምክንያቱ ያችው ፔኒ ነበረች።

እዚህ ላይ አብዛኛው የታሪክ መጽሐፍ ቶሎ የሚያልፈው ነገር አለ። ለንደን ለራሷ ሕዝብ አይሆንም ያለችውን ለሌሎች ስታደርግ ኖራለች። ካናዳ በ1858 የራሷን የአሥርዮሽ ሳንቲም መታች። ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ በ1872 ሩፒዋን በ100 ሳንቲም ከፈለች። በ1921 ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ የወጣው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በ12 ፔኒ ሳይሆን በ100 ሳንቲም ተከፈለ። ያወጣውም ቢሮው ለንደን የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የገንዘብ ቦርድ ነው። በ1927 ደግሞ እንግሊዝ ታስተዳድራት ለነበረችው ፍልስጤም አንድ ፓውንድ ወጣ፤ ዋጋው ከእንግሊዙ ፓውንድ እኩል፣ አከፋፈሉ በ1,000 ሚል። እ.ኤ.አ. በ1859 ለማንቸስተር ሠራተኛ አይገባውም ተብሎ የተጣለው ዕቅድ ለኢየሩሳሌምና ለጃፋ ባለ ሱቅ ያለ ብዙ ክርክር ተሰጠ። የኪሱን ገንዘብ በሚመለከት ጉዳይ የሚጠየቅ ሕዝብና የማይጠየቅ ሕዝብ ነበር። ለውጡ ቅኝ ግዛት ውስጥ ቀላል የሆነበት ምክንያት ስሌቱ ስለቀለለ አይደለም፤ ስንጥቁ ውስጥ የሚወድቀው ሰው በፓርላማ ድምፅ ስላልነበረው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግፊቱ ከውጭ መጣ። ሕንድ ነጻ በወጣች በአሥረኛ ዓመቷ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1957፣ ለ16 አና ይከፈል የነበረውን ሩፒ በ100 አዲስ ፓይሳ ለወጠች። ስንጥቁ እዚያም ነበር፤ አንድ አና 6 ፓይሳ ከሩብ ይሆናል። የሕንድ መንግሥት በሠንጠረዥ ፈታው፦ አንድ አና 6፣ ሁለት አና 12፣ ሦስት አና 19፣ አራት አና ልክ 25። ባለ አንድ አና ዕቃ አራት ጊዜ የገዛ 24 ከፈለ፤ አራቱን ባንድ ጊዜ የገዛ 25። እዚህ ላይ ለአንዴ እንኳ ክፍልፋዩ በትንሹ ገዢ በኩል ወደቀ። ደቡብ አፍሪካ በየካቲት 1961፣ አውስትራሊያ በየካቲት 1966፣ ኒውዚላንድ በሐምሌ 1967 ተከተሉ። ሦስቱም ፓውንዱን ጣሉት፤ ዐሥር ሽልንግ አንድ ራንድ ወይም አንድ ዶላር ሆነ።

ይህ ምርጫ የሁሉም ነገር ቁልፍ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። ዐሥር ሽልንግ 120 ፔኒ ነው። ይህ በ100 ሲከፈል አዲሷ ሳንቲም የድሮ ፔኒ ከአንድ አምስተኛ ትሆናለች፤ ከድሮዋ እምብዛም አትርቅም። ሽልንግ ልክ 10 ሳንቲም፣ ስድስት ፔኒ ልክ 5 ሳንቲም ነው። ሕዝቡ በእጁ የያዛቸው ሳንቲሞች አብዛኞቹ ስማቸውን ብቻ ለውጠው ይቀጥላሉ። የሚጠፋው ፓውንድ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚቆጥረው ባለ ብዙ ገንዘብ ነው፤ በሁለት ለማባዛትም አይቸገርም። ፓውንዱ እንዳለ ተይዞ በ100 ሲከፈል ግን አዲሷ ፔኒ የድሮ 2.4 ፔኒ ትሆናለች። ትከብዳለች። ስለዚህ ግማሽ አዲስ ፔኒ መጨመር ግድ ነው። ከዚያም ጋር ከስድስት ፔኒ በታች ያለ ገንዘብ አንዱም በትክክል አይመነዘርም።

የእንግሊዝ መንግሥት በታኅሣሥ 1961 በሎርድ ሆልስቤሪ የሚመራ ኮሚቴ ሰየመ። ኮሚቴው በ1963 ሪፖርቱን ሲያቀርብ ስድስቱ አባላት ተከፋፈሉ። አራቱ ፓውንዱ ይቆይ አሉ፤ ሁለቱ ዐሥር ሽልንግ ይሁን አሉ። የአራቱ መከራከሪያ ስሌት አልነበረም። ፓውንድ ስተርሊንግ ብዙ አገሮች ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጡት ገንዘብ ነው፤ ዋጋው በግማሽ ሲቀነስ ቢታይ፣ ስሙም ቢጠፋ የለንደን የገንዘብ ገበያ ክብር ይነካል የሚል ነበር። ባንኮቹ ይህን ወገን ያዙ። የሁለቱ መከራከሪያ ቸርቻሪውና ገዢው ቶሎ የሚላመዱት የትኛውን ነው የሚል ነበር። በእኔ እምነት ሁለቱ ልክ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ በተግባር አሳይተዋቸው ነበር። እንግሊዝ ግን የመረጠችው ከውጭ የሚያያትን ባለ ባንክ ነው። በመጋቢት 1 ቀን 1966 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጄምስ ካላሃን ፓውንዱ ይቆያል፣ በ1971 በ100 ይከፈላል ብለው አስታወቁ። ከዓመት በኋላ፣ በኅዳር 1967፣ መንግሥታቸው የዚያኑ ፓውንድ የምንዛሪ ዋጋ ከመቶ ከ14 በላይ ለመቀነስ ተገደደ። ክብሩ ባይነካ ብለው የሕዝቡን ትንሽ ሳንቲም የሠዉለት ፓውንድ ክብሩ ከለውጡ በፊት ተነካ።

ከውሳኔው በኋላ የመጣው ዝግጅት ግን ሊመሰገን ይገባዋል። የለንደን ከተማ ምክር ቤትን ይመሩ በነበሩት በሎርድ ፊስክ ሊቀመንበርነት አንድ ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ ሕዝቡን በአንድ ቀን ከማስደንገጥ ሳንቲሞቹን እያስቀደመ አለማመደ። ባለ 5 እና ባለ 10 አዲስ ፔኒ ከሽልንግና ከፍሎሪን እኩል መጠን፣ እኩል ዋጋ ሆነው በ1968 ወጡ፤ ሰው ሳይቸገር አቀላቅሎ ያዛቸው። በ1969 ባለ 50ው ሰባት ማዕዘን ሆኖ የዐሥር ሽልንግን ወረቀት ተካ። ቅርጹ በጨለማም በዳበሳም እንዲለይ ታስቦ ነበር፤ ቢሆንም ከባለ 10ሩ ጋር ያምታታል የሚል ቅሬታ አልቀረም። ሳንቲሞቹን በብዛት ለመምታት ዌልስ ውስጥ በላንትሪሰንት አዲስ ፋብሪካ ተከፈተ። መምሪያ መጽሐፍ በየቤቱ ታደለ። በቴሌቪዥን አያቶችን የሚያስተምር ድራማ ቀረበ፤ መደንገር የሚፈራላቸው በተለይ አረጋውያን ስለነበሩ።

የለውጡ ቀን ሰኞ የካቲት 15 ቀን 1971 ሆነ። የካቲት የተመረጠው ገና ካለፈ በኋላ ገበያ የሚቀዘቅዝበት ወር ስለሆነ ነው። ባንኮቹ ካለፈው ረቡዕ ከሰዓት ጀምሮ ተዘግተው በመንገድ ላይ ያለውን ቼክ ሁሉ አጠሩ፤ የእያንዳንዱን ደንበኛ ሒሳብ ከሽልንግና ከፔኒ ወደ አዲሱ አዛወሩ። የፖስታ ሠራተኞች በዚያ ሰሞን አድማ ላይ ነበሩ፤ ቼክ በፖስታ ስላልጎረፈ የባንኮቹ ሥራ ቀለለ። የባቡር ድርጅቱ በአንድ ቀን ቀድሞ እሑድ ለወጠ። ሁለቱ ገንዘቦች ጎን ለጎን እስከ ዓመት ተኩል ይዘዋወራሉ ተብሎ ነበር፤ የድሮዋ ፔኒና የሦስት ፔኒዋ ሳንቲም ግን በነሐሴ መጨረሻ፣ ስድስት ወር ተኩል ብቻ ቆይተው ከሕጋዊ ገንዘብነት ወጡ። አየርላንድም የራሷን ፓውንድ በዚያው ቀን ለወጠች።

በዚያ የሽግግር ጊዜ ሕዝቡ የተሰጠው ምክር የስንጥቁን ቦታ በትክክል ያሳያል። በድሮ ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ በስድስት ፔኒ ብዜት ክፈሉ ተባለ። ስድስት የድሮ ፔኒ ልክ ሁለት ተኩል አዲስ ነው፤ ከሱ በታች ያለው ሁሉ የሚሄደው በማጠጋጋት ነው። ሁለት ፔኒ የሚከፍል ሰው እንዴት አድርጎ በስድስት ብዜት ይክፈል? የስድስት ፔኒ ሳንቲም ከገበያ ትውጣ ሲባል ሕዝቡ አጥብቆ የተቃወመውም ለዚህ ይመስለኛል። መንግሥት ተሸንፎ አቆያት፤ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ ቦታ ሳይኖራት እስከ 1980 ተገበያዩባት።

ከዚያ ዓመት በኋላ ለብዙ ጊዜ እንግሊዞች ኑሮ የተወደደው ገንዘቡ ሲለወጥ ነው ሲሉ ኖሩ። ይህን እምነት በቁጥር ብቻ መርታት አይቻልም፤ ቢሆንም ቁጥሩን ማየት ይገባል። የዋጋ ንረቱ በ1971 ከመቶ 9 አካባቢ ነበር፤ ይሁንና ከለውጡ በፊትም ሲያሻቅብ የቆየ ነው። በ1975 ከመቶ 24 ሲደርስ ደግሞ ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ወዲህ ነው። ትልልቅ መደብሮች አንዱን ዋጋ ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች እያጠጋጉ አቻችለዋል። ሆኖም ሰው የሚያስታውሰው አማካዩን አይደለም። ከረሜላ፣ ክብሪት፣ የአውቶቡስ ቲኬት በየቀኑ ይገዛሉ፤ ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ማጠጋጋቱ ከመቶ ሲሰላ ትልቅ ነው። ሦስት የድሮ ፔኒ የነበረ ዕቃ አንድ አዲስ ፔኒ ከሩብ መሆን ሲገባው ሻጩ አንድ ተኩል ቢለው ከመቶ ሃያ ጨመረ ማለት ነው። ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ይህን አያውቀውም። ቁጥሩን ያየውም፣ ኑሮ ተወደደ ያለውም እውነታቸውን ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ ዋጋ በለውጡ ብዙም አልተነካም፤ በጥቃቅኑ የሚኖረው ሰው ግን ተነክቷል። ግማሽ አዲስ ፔኒዋ ንረቱ ዋጋዋን በልቶት በ1984 መጨረሻ ከገበያ ወጣች።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ፤ ከለንደኑ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት በር አለና።

ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸውና በምስላቸው ብር ሲያስመቱ፣ ገበያው ውስጥ የነበረው 1780 የሚል ዓመት የተጻፈበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ለዝርዝር አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር፤ ጨው ደግሞ ከሚቆረጥበት ቦታ በራቀ ቁጥር ይወደዳል፤ አንዱ ጠገራ የሚዘረዘርበት የአሞሌ ቁጥር በየገበያው ይለያያል። ፓሪስ የተመታው የምኒልክ ብር፣ 1887 ዓ.ም. የሚል ይዞ፣ አላድ፣ ሩብና ተሙን የሚሉ ክፋዮች ነበሩት፤ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ። ብሩ በ20 ግርሽ የተሰላበት ጊዜ ነበር፤ ኋላ ግን በ16 ረጋ፤ ከሥሩም 32 ቤሳ። ከ20 ወደ 16 መሄዱ ለእኔ ብዙ ይናገራል። 20 ለሁለት ሲከፈል 10፣ 5 ብሎ ይሰበራል፤ 16 ግን እስከ አንድ ድረስ በግማሽ በግማሽ ይወርዳል። አላድን፣ ሩብን፣ ተሙንን የለመደ ገበያ ሥርዓቱን ወደ ራሱ ጎተተው።

በ1931 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአቢሲኒያን ባንክ ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አደረጉት። አዲሱ ባንክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1923 የሚል የተጻፈባቸውን የመዳብና የኒኬል ሳንቲሞች አወጣ፤ ብሩ በ100 መቶኛ ተከፈለ። አላድ 50 መቶኛ፣ ሩብ 25፤ እስከዚህ ልክ ነው። ተሙን 12 ተኩል፣ የ16ቱ አንድ 6 ከሩብ። ሕንዶች ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የሚገጥማቸው ያው ቁጥር ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ አርባ ዓመት ሊከራከርበት ገና ሲቀረው አዲስ አበባ ላይ ተወሰነ። አዲሶቹ ሳንቲሞች ግን ከከተማ ብዙም አልራቁም፤ ገጠሩ ጠገራውን እንደያዘ ቀረ። ለመላመድ ጊዜም አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረረን፤ ሊራን ይዞ መጣ። እሱም ቢሆን ሊራው ብቻ እንደማይበቃው አውቆ የማሪያ ቴሬዛን ማተሚያ ከቪየና አምጥቶ ጠገራ መምታት ነበረበት።

ጣሊያን ሲባረር ከእንግሊዝ ጦር ጋር የገባው ገንዘብ ቅድም ያነሣነው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። ከለንደን የሚታዘዝ፣ በ100 ሳንቲም የተከፈለ፣ ጥቃቅኖቹ መሐላቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው ሳንቲሞች። የእንግሊዙ ወታደር ለአገሩ ቤተሰቡ ደመወዙን ሲልክ በ12 እና በ20 እያሰበ፣ አዲስ አበባ ላይ ብርቱካን ሲገዛ በ100 ያስብ ነበር።

ከዚያ የወጣንበት መንገድ በዚህ ምዕራፍ ካየናቸው ሁሉ ለትንሿ ሳንቲም የተሻለው ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ አሜሪካ የተሠራው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ በውጭ ቋንቋ ዶላር የተባለው። አንድ ብር 100 ሳንቲም፤ ምንዛሪውም አንድ ብር በሁለት ሽልንግ። ሽልንጓን የያዘ ሰው 50 ሳንቲም ተሰጠው፤ ያቺም ባለ 50 ጠገራ የለመደ እጅ እንዲያምናት ከብር የተሠራች ነበረች። ሃምሳ የሽልንግ ሳንቲም የያዘ 25 አገኘ። ባለ ቀዳዳዋን 10 ሳንቲም የያዘ 5 አገኘ፤ ሳይተርፍ፣ ሳይጎድል። በስንጥቁ ውስጥ የቀሩት የሽልንጉ አምስት ሳንቲምና አንድ ሳንቲም ብቻ ናቸው፤ ሁለት አምስት ሳንቲም አንድ ላይ ያመጣ ደግሞ እሱም ልክ አምስት ሳንቲሙን ይዞ ይሄዳል።